«ጅል ነው» ያልተባለበት እሑድ

ልጅ ሳለሁ፣ ጎፋ ሰፈር፣ ከአጥራችን ጋር ተያይዞ የጋሽ ደምሴ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ጋሽ ደምሴ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያና የተሰበረ ፋኖስ የሚበይዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሲመሽ መበየጃ ብረታቸውን ከፍሙ ሲያወጡ እኛ የሰፈር ልጆች እንከባቸዋለን፤ ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እሳቸውም የጠገኑትን ፋኖስ ለሙከራ እያበሩ፣ ሌላ ማንም የማያውቀውን ተረት ይነግሩን ነበር።

በወጣትነታቸው የአንድ ፈረንጅ አስተማሪ ዘበኛ ነበሩና ተረታቸው ስለ ጥንት የፈረንጅ ነገሥታት አጫዋቾች ነበር። የአህያ ጆሮ ያለው ቆብ ስለሚደፋ፣ ልብሱ ላይ ቃጭል ስለተሰፋለት፣ ሁሉ አጎንብሶ በሚቆምበት አዳራሽ ንጉሡን «ዛሬስ ተሳስተሃል» ስለሚል ሰው። ንጉሡ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። የእኛም መኳንንት ግብር ሲያበሉ እንዲህ ያለ ሰው ከአጠገባቸው አያጡም ነበር አሉን። «ሞኝ ሆኖ የተፈጠረ አለ፤ ሞኝነትን ሙያ አድርጎ የያዘም አለ። የዚህን የሁለተኛውን አንገት ማንም አይነካም» ይሉና ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ የሠሩትን ባለ ቃጭል ቆብ ደፍተው ያስቁናል።

ሰፈሩ ግን ይህን አይለይም። ጅል፣ ቂል፣ ነፈዝ፣ ጅላንፎ፤ ያልተባሉት አልነበረም። አባቴ ማንቆርቆሪያ ሲያሠራ እንኳ «እዚያ ጅል ዘንድ ውሰጂው» ነበር የሚለኝ። እሳቸው ይሰማሉ፤ ይስቃሉ።

ዘመኑ የደርግ ነበርና ከእሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ መቅረት አይቻልም። አንድ እሑድ አባቴ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ሊቀ መንበሩ ስኳር ከቀበሌው ሱቅ የጠፋው አድኃሪያን ስለደበቁት ነው ብሎ ሲያስረዳ፣ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ስኳሩ እነሱ ዘንድ ካለ ቤታቸውን ጠቁሙንና እዚያው እንሰለፍ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ጋሽ ደምሴን ወሰዷቸው። እኔ አልፈራሁም። የአጫዋች አንገት እንደማይነካ ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ሳይመሽ ይመለሳሉ ብዬ በራቸው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው።

በሳምንቱ እዚያው አዳራሽ አምጥተው አቆሟቸው። ፊታቸው አብጧል። ሊቀ መንበሩ «ይህ ሰው የተናገረው በቂልነት ከሆነ በምክር እናልፈዋለን፤ በተንኮል ከሆነ ለበላይ አካል እንልከዋለን። ቂል መሆኑን የሚመሰክር አንድ ሰው ይነሳ» አለ።

አንድ ሰው ብቻ። ስንት ዓመት እንደ ቀልድ ሲወረውሩባቸው የኖሩት ቃል፣ በዕድሜያቸው አንዴ ሊጠቅማቸው በቻለባት ደቂቃ ከማንም አፍ አልወጣ አለ። ነገ «ለአድኃሪ መስክረሃል» መባልን ሁሉም ፈርቷል። የአባቴን ኮት ሳብኩት፤ እጄን አስለቀቀኝና ጫማውን ማየት ቀጠለ። ጋሽ ደምሴ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን፤ ከዚያ ወሰዷቸው።

ቤት ስንገባ «አባዬ፣ ሁልጊዜ ጅል ነው ትል አልነበር?» አልኩት።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለኝ። እስከሞተበት ቀን ድረስ ሌላ መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም።

ጋሽ ደምሴ ከሁለት ክረምት በኋላ ተመለሱ። ያን ባለ ቃጭል ቆብ ቀጥቅጠው የማንቆርቆሪያ መጠገኛ አደረጉት። በስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ግራ እጃቸውን ከሁሉ ቀድመው ያነሳሉ። ፋኖሱ እንደ ድሮው ይበራል፣ ፍሙም አለ፤ ተረት ፈልገን ስንከባቸው ግን ቀና ሳይሉ «ወደየቤታችሁ ግቡ፣ ልጆቼ» ይሉናል።

ያኔ ነው አባቴ አጥሩ ሥር ቆሞ ለጎረቤታችን «ጋሽ ደምሴ እኮ ልብ ገዙ» ሲል የሰማሁት። ጋሽ ብሎ፣ አንቱ ብሎ ሲጠራቸው ያ የመጀመሪያው ነበር። ጎረቤታችንም ተስማማ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ጅል ያላቸው ሰው የለም።

ንዴቱ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። አሁንም ሰው በፊቴ «እገሌ ልብ ገዛ» ብሎ ሲያመሰግን፣ ማን ምን አድርጎት እንደሆነ እጠይቃለሁ።