ሁለት ጓንት

ድንበር ለሁለት በከፈላት ሞያሌ፣ በእኛ ክሊኒክ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያለበትን ሰው በአፍ ማጋለጥ አያስፈልግም ነበር። ደሙን ልንቀዳ ስንል ሁለት ጓንት እንደርባለን፤ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሞያሌ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። እኔም እደርብ ነበር። ነርስ ነኝ፣ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ለሌላው አስተምራለሁ፤ ፍርሃቱ ሲመጣብኝ ግን የተማርኩት ሁሉ ይጠፋኛል።

አንድ ቀን ከኡራን መንደር በሎሪ የመጣች ፍየል ነጋዴ ክንዷን ዘረጋችልኝ። በተደረበው ጓንት ጣቶቼ እንደ ልብ አልታዘዝ አሉኝ። ደሟን ቀድቼ መርፌውን ሳወጣ አዳለጠኝና ሁለቱንም ጓንት በስቶ አውራ ጣቴን ወጋኝ።

ሴትዮዋ አይታለች።

«እባክሽ ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት።

«ሲስተር፣ እኔ የማንን ነገር ተናግሬ አውቃለሁ?» አለችኝ ረጋ ብላ። «መድኃኒት አለው አይደል? ቶሎ በይ፣ ሃራካ፤ ዋጪው።»

አለው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከተጀመረ። ግን ለነርሶቹ አለቃ ለማትሮኗ መንገር ነበረብኝ፤ ለእሷ መንገር ደግሞ ለሁሉም መንገር ነው። የሻይ ኩባያዬን ለብቻው ሲያስቀምጡት ታየኝ። የጽዳት ሠራተኛችንን እንዲያ አድርገናት ሥራዋን ጥላ ሄዳለች። ለማንም ሳልነግር ሁለት ቀን አለፈ። ልጄን ማቀፍ እንኳ ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ፣ ማንም አያውቀኝም ብዬ ድንበሩን አልፌ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ተሻገርኩ። እዚያ ጤና ጣቢያ ላገኘኋት ነርስ የሆነውን በሹክሹክታ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና አንድ ጓንት አጠለቀች፤ ቀጥላም ሁለተኛውን ደረበች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ተረት አላማረኝም፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ነበር የተመኘሁት።

መድኃኒቱን ሰጡኝ፤ ከወራት በኋላም ነፃ ነሽ ተባልኩ። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ውጤቴን ሳላውቅ፣ የኡራኗ ሴት ለቀጠሮዋ መጣች። አንድ ጓንት አጠለቅሁ። መጀመሪያ ጓንቱን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ዛሬ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ» አልኳት።

ክንዷን ዘረጋችልኝ።