ሰባቱም ቀን ዓርብ የሆነበት ማድቤት

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን የምንሞላው ቅጽ ተሰጠን። ከታች «ሌላ ችሎታ» የሚል መስመር ነበረበት። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ኳስ» ብሎ ጻፈ። እኔ ትንሽ አሰብኩና «በሥራ ቀን ለሕፃን የሚሆን ራት መሥራት» ብዬ ሞላሁ። ልጁ አሾልኮ አየና ሳቀብኝ። አልሰረዝኩትም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ሱዳን፣ ሶባ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ እናቴ፣ የአራት ዓመት ልጅ የነበረችው እኅቴና እኔ፣ ተከራይ በበዛበት ግቢ፣ በአንዲት ክፍል። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ እዚያው ከተማ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ አንድ ቤት ምግብ ታበስል ነበር፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። አሠሪዎቿ ከተማውን ሲለቁ ያገኘችው ሥራ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ካፉሪ ሆነ፤ እሱም እዚያው እያደሩ የሚሠራ። ሐሙስ ማታ ሐፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ስትቀያይር አምሽታ ትመጣለች፣ ቅዳሜ በማለዳ ትመለሳለች። ቀን ቀን እኅቴን የግቢው ባለቤት፣ ሱዳናዊቷ ሴትዮ፣ ከልጆቿ ጋር ታውልልን ነበር። ራቱ ግን የእኔ ሆነ።

ወንድ ልጅ ነኝና ከዚያ በፊት ማድቤት የምገባው ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነበር። እናቴ ወደ ካፉሪ ከመሄዷ በፊት በነበሩት አራት የዕረፍት ቀኖቿ፣ በአራት ዓርቦች፣ አራት ነገር አስተማረችኝ፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሽንኩርቱ ምን ሲመስል በርበሬው እንደሚገባ፣ በርበሬው ስንት ጊዜ ውሃ ጠብ እየተደረገለት እንደሚቁላላ። ከትምህርት ቤት ደብተሮቼ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነበር።

ጎረቤታችን በቀን ሥራ ጡብ የሚሸከም፣ ወደ ሌላ አገር የሚሻገርበት መንገድ እስኪሳካለት የሚጠብቅ የአገራችን ልጅ ነው። ከሥራ ሲገባ በራችን ላይ ቆሞ ይጣራል።

«እሜቴ! ወጡ ደረሰ?»

«ደርሷል፤ ላንተ ግን አልደረሰም» እለው ነበር። ውስጤ ግን ያፍር ነበር።

ከእሱ ቀልድ ይበልጥ የሚከብደኝ የእኅቴ ነገር ነበር። ሁለት ጉርሻ ትውጥና «ኻላስ» ብላ እጇን ወደ ኋላ ትደብቃለች። በቃኝ ማለቷ ነው፤ ከአማርኛዋ ዓረብኛዋ ይቀላት ነበር። እለምናታለሁ፣ እቆጣታለሁ፣ ሳህኑን ይዤ ግቢውን ሙሉ እከተላታለሁ። ኻላስ። ቁምጣዋ ከወገቧ ስለሚወርድ በገመድ ማሰር ጀመርኩ።

ከመስቀል በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ መዘነቻትና ካርዷ ላይ ነጥብ አደረገች፤ መስመሩ ወደ ታች ወርዷል።

«ምን ትበላለች?» አለችኝ።

ደብተሬን አወጣሁ። «ቅዳሜና እሑድ ምስር። ሰኞ ሽሮ። ማክሰኞ ጎመን። ረቡዕ ድንች። ሐሙስ እንደገና ምስር።»

«እንቁላልስ?»

«የለም።»

«ወተት? እርጎ?»

«የለም።»

«ሰፈራችሁ ውስጥ ሱቅ የለም እንዴ?»

«አለ። ደብተሬ ላይ ግን የለም» አልኳት።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ያን ያህል ተጠንቅቄ ያን ያህል እንደ ተሳሳትኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። ነርሷ ያለችውን ነገርኳት።

«ልጄ፣ ወጥ ያስተማርኩህ ምን ቀን ነው?»

«ዓርብ ዓርብ።»

«ዓርብ ምንድነው?»

«ጾም።»

«አንተ ልጅ! ሰባቱንም ቀን ዓርብ አደረግህብን እኮ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። ስልክ ላይ ምን በላችሁ ስትለኝ ምስር እላት ነበር፤ እሷም ከምስሩ ጎን እንቁላሉም ወተቱም ያለ መስሏት ጎበዝ ትለኝ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

በማግስቱ የሆነውን ለጓደኛዋ ነገረቻቸው። እኚህ ሴት የእናቴ አገር ልጅ ናቸው፤ እኛ እትዬ ነው የምንላቸው። ለኅዳር ወደ አገር ቤት ሊገቡ ተነሥተው ነበርና ልጅቷን ይዘው ሄደው ለአያቴ ሊሰጧት ፈቀዱ። እናቴ ተስማማች። «እስከዚያ ካላገገመች ትሂድ። አንተም ትምህርትህን ተማር» አለችኝ። እኅቴ ከተወለደች ጀምሮ አንድም ሌሊት ተለያይተን አድረን አናውቅም። እኔ በሠራሁት ስህተት ልትሄድብኝ ነው። ያኔ ነው ማድቤቱን የምሬን የያዝኩት።

እንቁላል ገዝቼ እንደ ወጥ አቁላልቼ፣ በርበሬ ነስንሼ ሰጠኋት። «ሓር!»፣ አቃጠለኝ፣ ብላ ምላሷን አውጥታ አለቀሰች። የግቢው ባለቤት ከጓሮ ሰምታ መጣችና በጣቷ ቀመሰች።

«ይቺ ልጅ እኔ ትሪ ላይ ከልጆቼ እኩል ነው የምትበላው። መብላት አላቃታትም። አንተ ነህ የምታቃጥላት» አለችኝና ከቤቷ አንድ ብርጭቆ ደኳ አመጣችልኝ፤ የተፈጨ ለውዝ ነው፣ እነሱ ሰላጣ ውስጥም ወጥ ውስጥም የሚጨምሩት። «ምስሩን ስታወርደው ይሄን በጥብጥበት።»

ችግሩ አንድ ምድጃ ብቻ መሆኑ ነው። ከትምህርት ቤት ገብቼ ለእሷ አንድ፣ ለእኔ አንድ ወጥ ከሠራሁ ሳትበላ ትተኛለች። ስለዚህ ምስሩን ያለ በርበሬ አብስዬ የእሷን ከቀነስኩ በኋላ የራሴ ላይ በርበሬውን ጨመርኩ። ጎረቤቴን አስቀመስኩት።

«እሜቴ፣ ይሄ ወጥ ነው የጡብ ዱቄት?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ጥሬው በርበሬ ይሻክራል። ደብተሬን አገላብጬ ብዙ አሰብኩና ዓርብ ቀን ከእናቴ ጋር የሳምንቱን ቁሌት አንድ ላይ አቁላልተን በጠርሙስ አስቀመጥን። ከዚያ ወዲያ በየማታው አንድ ድስት ብቻ እጥዳለሁ። ሲበስል የእኅቴን እቀንሳለሁ፤ በእኔው ላይ ከጠርሙሱ አንድ ጭልፋ ጣል አድርጌ አንድ ጊዜ አንተከትከዋለሁ። የእሷ ላይ ደኳ እበጠብጣለሁ። እንቁላሉንም በቲማቲም ብቻ ሠራሁት። ማክሰኞ ማክሰኞ ርጅላ፣ ያቺ ወፍራም ቅጠል ያላት አረንጓዴ፣ ከጥቂት ሥጋ ጋር። እርጎ በጎን። አንዳንዱ አልተሳካም፤ ዱባውን ከነሳህኑ ገለበጠችው። ግን አንድ ሰኞ፣ ምስር በደኳ በዳቦ እያጠቀስኩ ሳጎርሳት፣ ዳቦውን ከእጄ ቀማችኝ። ራሷ ጠቅሳ በላች። ሳህኑን ወደ እኔ ገፍታ «ታኒ!» አለችኝ። ጨምር ማለቷ ነው። ታኒ የሚለውን ቃል ከአፏ ስለ ምግብ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ጎረቤቴ ቀልዱን አልተወም፤ ብቻ ሳህን ይዞ መምጣት ጀመረ።

ኅዳር ገባ። ሐሙስ ዕለት ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ነርሷ አዲሱን ነጥብ ከአሮጌው ጋር በመስመር አገናኘችው። መስመሩ ወደ ላይ ወጣ። ካርዱን እንዳይጨማደድ ደብተሬ ውስጥ አድርጌ ይዤ ገባሁ።

በማግስቱ እትዬ መጡ። እናቴ ካርዱን ሰጠቻቸው።

«ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ስትበላ ልያት እንጂ» አሉ።

ዓርብ ነውና እኛ ትልልቆቹ ጾመኞች ነን። እኔም ለሁላችንም የሚሆነውን፣ ምስሩን ጣድኩ። እናቴ ልትረዳኝ ተነሥታ ተመልሳ ተቀመጠች። ቀነስኩ፣ ቁሌቱን ጨመርኩ፣ ደኳውን በጠበጥኩ። ሳህኑን እኅቴ ፊት አስቀመጥኩ። እኅቴ አንድ ሳህን ጨርሳ «ታኒ!» አለች። ሁለተኛውንም ጨረሰች። ከዚያ ወደ እትዬ ሳህን ማየት ጀመረች።

«ኧረ ይቺስ መንገድ ላይ እኔኑ ትበላኛለች!» አሉ እትዬ ሳህናቸውን አቅፈው። «እዚሁ ትሁንልሽ። ለመሆኑ ማን ነው የሠራው?»

«ልጄ ነዋ» አለች እናቴ። ቀና ብላ ነው የተናገረችው።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ወደ ካፉሪ ልትሄድ ስትነሣ አብሬያት ተነሣሁ። እኅቴ ተኝታለች፤ የቁምጣዋን ገመድ ማታ ፈትቼ ጥዬዋለሁ። እናቴ ቦርሳዋን ስትዘጋ ውስጡ የደኳ ብርጭቆ አየሁ። የአሠሪዎቿም ትንሽ ልጅ አልበላ ብሎ አስቸግሯታል። ሃያ ዓመት ለሰው ቤት ያበሰለች እናቴ በሩ ላይ ቆማ ወደ እኔ ዞረች።

«ስንት ማንኪያ ነው ያልከኝ?»

«ሁለት። ከእሳት ስታወርጂው።»

«ከእሳት ሳወርደው» ብላ ደገመችና እንዳትረሳው በከንፈሯ እያነበነበች ወጣች።