ለአንድ ቀን መሃይም

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን መግቢያ ላይ ዛሬም አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል። ስድሳን ያለፈች ሴት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀት ላይ ስትጭን፣ ከጎኗ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ጥርሱን ገልጦ ይታያል። ከሥሩ «ከጨለማ ወደ ብርሃን» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ምራቄ ይመረኛል። ሴትዮዋ ያን ዕለት ማንበብም መጻፍም ትችል ነበር። ይህን የምናውቅ ብዙ ነን፤ ፎቶግራፉን ለማውረድ እጁን ያነሳ ግን የለም። እኔም ያው ነኝ።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ ታናሽ እህቷ ነው። ታናሽየዋ የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ጠጋኝ ናት። ሁላችንም «እትዬ ሙጫ» እንላታለን። የምትሠራው ከዋናው አዳራሽ ጀርባ፣ አንድ መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ መርፌ፣ በሰም የታሸ ክር፣ መቀስና ብሩሽ አይጠፋም፤ ከግድግዳው ሥር የተጠገኑ መጻሕፍት ድንጋይ ተጭኗቸው ይደርቃሉ። ሙጫውን ራሷ ከዱቄት ትሠራዋለች፤ እያማሰለች፣ እያጠለለች፣ ማንኪያው ላይ ክር እስኪሠራ ድረስ። የፋብሪካውን አትወደውም። «እሱ ይጣበቃል እንጂ አይለቅም፤ የኔ ግን ቢሳሳቱ ይመለሳል» ትላለች።

እዚያ ቤት የገባችው በጽዳት ሠራተኝነት ነበር። ያኔ የነበረው ጠጋኝ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ክር እንድታስገባለት፣ ቀጥሎም የተበተኑ ገጾችን እንድትደረድርለት ጠራት። ፊደል ስለማታውቅ የምትደረድረው በገጽ ቁጥር ነበር። አንድ ቀን ታዲያ አይጥ የበላው መጽሐፍ መጣ፤ አይጧ የበላችው ጥግ ጥጉን፣ ማለትም ቁጥሩን ነው። አሁን ገጾቹን ለማስተካከል የአንዱን የመጨረሻ መስመር ከሌላው የመጀመሪያ መስመር ጋር ማጋጠም ግድ ሆነ። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነበር። ዘበኛውን፣ መዝገብ ያዧን፣ እኔን፣ የመጣ የሄደውን አንባቢ ሁሉ «ይቺ ምን ትላለች? ይቺስ?» እያለች አራት ወር ነዘነዘችን። መጽሐፉ ሲያልቅ ማንበብ ችላ ነበር። «እኔን ያስተማረችኝ አይጥ ናት» ብላ ዛሬም ትስቃለች።

ከዓመታት በኋላ የተቀደዱ ጋዜጦች የሚከማቹባትን ክፍል ራሷ ጠርጋ፣ አስፈቅዳ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ማንበብ የማይችሉ ሴቶችን መሰብሰብ ጀመረች። ዘዴዋ ያው የአይጧ ዘዴ ነው። ከጥገና ያለፈ መጽሐፍ ገጾችን ቁጥራቸውን በመቀስ ቆርጣ ጠረጴዛ ላይ ትበትናለች፤ ሴቶቹ ቅደም ተከተሉን ፈልገው ታሪኩን ይሰበስቡታል። ሽንኩርት ሻጯ ነበረች፤ ልብስ አጣቢዋ ነበረች፤ በጠቅላላው አሥራ አንድ ነበሩ። ስንት የምሁራን ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ በዚያች ክፍል የሰማሁትን ዓይነት ክርክር ግን ብዙም አልሰማሁም። «ሰውየው ሳይሞት እንዴት ይቀበራል? ያንቺ ገጽ ኋላ ነው፣ ወደዚያ በይው!»

ታላቅ እህቷ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። እናታቸው ስትሞት ታናሿን አዝላ ያሳደገች እሷ ናት፤ ትምህርት ቤት ያልገባችውም በዚሁ ምክንያት ነው። «በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?» ብላ ዓመት ሙሉ እምቢ አለች። ከመጣች በኋላ ግን አምስት ወር አንድም ሐሙስ አልቀረችም። በስድስተኛው ወር ጤና ጣቢያ ሄዳ ፈርሚ ስትባል፣ ሠራተኛዋ እንደ ልማዷ የቀለሙን ሳጥን ስትገፋላት፣ «አንሺው! እስክሪብቶ የለሽም እንዴ?» አለቻት አሉ። እትዬ ሙጫ ይህን ላገኘችው ሁሉ ስታወራ ሰነበተች።

ከዚያ አዲሱ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለው። ፕሮግራም ይወዳል። የንባብ ቀን፣ የንባብ ሳምንት፣ የንባብ ወር አመጣብን። በንባብ ሳምንት አዳራሹ ጨርቅ በለበሱ ወንበሮችና በድምፅ ማጉያ ስለሚሞላ አንባቢ አይገባም። ሳምንቱን በሙሉ እኛ የዘወትር አንባቢዎች ከውጭ አጥሩ ሥር ቆመን፣ ስለ ንባብ ጥቅም በድምፅ ማጉያ ስንመከር ሰነበትን። ብስኩትና የታሸገ ውሃ ተሰጠን። ብስኩቱን በላሁት። ይኼም ያስጠላኛል።

ኃላፊው አንድ ቀን እትዬ ሙጫን ጠራት።

«እትዬ፣ ይረዱኝ» አላት። «ክፍሏ ለድምፅ ማጉያውና ለወንበሮቹ ታስፈልጋለች። የእርስዎ ሐሙስ ዕቅድ ውስጥ የለችም፤ ፕሮግራም አይደለችማ።»

«ታዲያ ምን ትሁን?»

«ፕሮግራም እናድርጋት። የክብር እንግዳ እጠራለሁ፣ ሴቶቹን ያያሉ፣ ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ ክፍሏን የሚነካብዎት የለም።»

«መልካም ነው። ያነቡላቸዋል።»

ኃላፊው አገጩን አሻሸ። «ማንበቡን እንተወው። ያነበበች ሴት ለፎቶ ምን ትሆናለች? ሰው ቁጭ ብሎ ወረቀት ሲያይ ነው የሚታየው። መጀመሪያ በአውራ ጣት ይፈርሙ፤ ከዚያ እንግዳው የመጀመሪያዋን ፊደል እጃቸውን ይዘው ያስጽፏቸው። ለአንድ ቀን ነው።»

እዚህ ላይ ነው እትዬ ሙጫን የምወቅሳት። እሺ አለች። ክፍሏን ከማጣት ይሻላል ብላ ነው፤ ይገባኛል፤ ግን እሺ አለች።

ረቡዕ ዕለት ልምምድ አደረጉ። ያስተማረቻቸውን በገዛ አፏ ልታስረሳቸው ተነሳች።

«እስክሪብቶውን እንደ ጭልፋ ያዢው። ጨብጪው! እንደሱ አይደለም፣ አሳመርሽው።»

«ለመማር አምስት ወር፣ ለመደንቆር አንድ ከሰዓት!» አለች ሽንኩርት ሻጯ። ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ልብስ አጣቢዋ ዓይኗን ጨፍና በአየር ላይ ፊደል የምትፈልግ መሰለች፤ እንደገና ሳቁ።

ታላቅ እህቷ አልሳቀችም። «እኔን ተዪኝ» አለች።

«እታለም፣ ላንድ ቀን ነው። ክፍሏን ሊወስዱብኝ ነው።»

«ክፍሏን ነው ወይስ እኔን የምትፈልጊው?»

«አንቺ ካልመጣሽ ሌሎቹም ይቀራሉ። በሞቴ!»

በታናሽ እህቷ ሞት ተለምና እምቢ የምትል ሴት አልነበረችም።

ሐሙስ እንግዳው መጣ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። የቀለሙ ሳጥን ቀረበ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ጣታቸውን ነክረው አተሙ፤ ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ። ከዚያ እንግዳው ታላቅ እህትየዋን መረጠ። ከኋላዋ ቆሞ እጇን ያዘና የመጀመሪያዋን ፊደል ሊያስጽፋት ጀመረ። እሱ ከታች ወደ ላይ ጎተተ፤ የሴትዮዋ እጅ ደግሞ ከላይ ወደ ታች መጻፍ ለምዷልና አልሄድ አለ። ደገመ። እጇ እምቢ አለ፤ ልቧ እሺ ቢልም እጇ ያወቀውን መርሳት አልቻለም።

እንግዳው ቀና ብሎ ወደ እኛ ሳቀ። «አያችሁ ወገኖቼ፣ እስክሪብቶ ነክቶ የማያውቅ እጅ እንዴት እንደሚደነድን! አይዞዎት እማማ፣ ቀስ በቀስ ይለዝባል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ዕድሜዬን ስለ ዕውቀት ምንነት ሳነብ ኖሬያለሁ። የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ሰው ሞልቷል፤ እሱ በረጅም ተረከዝ ቁመቱን እንደሚያስረዝም ሰው ነው፣ አይተን እንስቅበታለን። የሚያውቀውን አላውቅም እንዲል የሚደረግ ሰው ግን እግሩን እየተቆረጠ ነው። ያ ሁሉ ጭብጨባ የመጋዙን ድምፅ ለመሸፈን ይመስለኛል።

ክፍሏ ዳነች። በሚቀጥለው ሐሙስ አሥር ሴቶች መጡ፤ አንዷ ቀረች። በሦስተኛው ሐሙስ እትዬ ሙጫ እህቷ ቤት ሄደች። እህትየዋ ደጃፏ ላይ ልብስ ታጥፍ ነበር።

«አመመሽ እንዴ?»

«ምን ያመኛል?»

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

«ምን ልሠራ ልምጣ? እኔ ፊደል አላውቅም። ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ፤ ጎረቤት አምጥቶ አሳየኝ። ከሥሩ ያለውን ራሴ አነበብኩት።»

እትዬ ሙጫ ይህን ስትነግረኝ ብሩሿን ሙጫው ውስጥ እያዞረች ነበር፤ ሙጫው ጠጥሮ ብሩሹን እስኪይዝ ድረስ ማዞሯን አላቆመችም።

ሁለት ወር እንዳለፈ ኃላፊው እየፈነደቀ እትዬ ሙጫ መጽሐፍ እስከምትጠግንበት ክፍል ድረስ መጣ። ከበላይ መሥሪያ ቤት ምስጋና መጥቷል፤ ሌላ፣ ከፊተኛውም የሚበልጥ እንግዳ ሊያይ ይፈልጋል።

«ያንኑ እንደግመዋለን። እህትዎ ፊታቸው ለፎቶ ጥሩ ነው፣ እሳቸው ይሁኑ።»

«እህቴ ታነባለች» አለችው።

«አውቃለሁ እትዬ፣ ግን...»

«ካወቁ ጥሩ። እንግዳው ይምጡና ታነብላቸዋለች። ጣቷን ከፈለጉ ደግሞ ከፎቶው ላይ ቆርጠው ይውሰዱ።»

«ክፍሏን ያጣሉ።»

በአንገቷ ያንጠለጠለችውን የሐሙሷን ክፍል ቁልፍ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው አልኩ አይደል? ጎንበስ ብሎ አመስግኗት ወጣ። በማግስቱ ወንበሮቹ ገቡ።

ቀጣዩ ሐሙስ እትዬ ሙጫ ሴቶቹን ከሕንፃው ጀርባ የድንጋይ ደረጃ ላይ አስቀመጠቻቸው። አምስት ነበሩ፤ የቀሩት ፀሐዩን ሰበብ አደረጉ። እኔ ሳልፍ እህትየዋ፣ የቁልፉን ነገር ሰምታ ኖሮ፣ ማንም ሳይጠራት፣ በግቢው በር ስትገባ አየኋት። በቀጥታ ወደ ደረጃው አልሄደችም። የሐሙሷ ክፍል በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ፊቱ ቆማ በጣቷ እየተከተለች፣ ግቢው እስኪሰማ ድረስ ታነብ ጀመር።

«ይህ... ክፍል... የፕሮግራም ዕቃዎች... ማስቀመጫ... ብቻ ነው። መግባት... ክልክል ነው።»

ኃላፊው ከቢሮው መስኮት ብቅ አለ። እስከ ማኅተሙ ድረስ ያለውን፣ የኃላፊው ማዕረግ ሳይቀር አንብባ ጨረሰች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ሄዳ፣ ሽንኩርት ሻጯን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«በይ ጀምሪ እንግዲህ» አለቻት ታናሿን፣ ፊቷን ሳታይ። «ይኼ ድንጋይ ወገቤን ሳይጨርሰው።»