መስኮቱን የሸፈነው መሐረብ

አባቴ አመሻሽ ላይ ጫማውን አድርጎ በሩ አጠገብ ይቆማል። «ተነሺ፣ ቤታችን እንሂድ» ይለኛል። ያለነው ቤታችን ነው፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም። እሱ የሚለው ግን አብነት ሰፈር ተከራይተን የኖርንባትን አንዲት ክፍል ነው። ግቢው ከፈረሰ ቆይቷል። «ፈርሷል እኮ አባዬ» ስለው መርዶ እንደሰማ ሰው ያዝናል፤ በማግስቱ ረስቶት እንደገና ጫማውን ያደርጋል።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሞዴል መሥራት ስማር፣ ያቺን ክፍል በካርቶን ልሠራለት አሰብኩ። ካያት ምናልባት ልቡ ያርፍ ይሆናል ብዬ ነው። ሠርቼ ስጨርስ ግን መብራት ስለሌላት የተተወች ቤት መሰለችኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል ገዛሁ። ሻጩ የቤቷን ፎቶ ስልኬ ላይ አይቶ «ትከራያለች?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ኮስተር አለና «ያለ ሬዚስተር ባትሪ ላይ እንዳታገናኚው፤ ይቃጠልብሻል» አለኝ።

እንዳለኝ አደረግሁ። ሬዚስተሩን አስገባሁ፤ ሽቦዎቹ እንዳይነካኩ ለየብቻ በናስትሮ ጠቀለልኳቸው። ጣሪያውን ከማጣበቄ በፊት አምፖሉን ለረጅም ጊዜ አብርቼ በጣቴ ነካሁት። አልሞቀም።

ቤቷን አብርቼ አባቴ ፊት አስቀመጥኩለትና ሻይ ላመጣለት ወጣሁ። ስመለስ መስኮቷን በመሐረቡ ሸፍኗታል። ጨርቅ ከመብራት ጋር! ደንግጬ ላነሳው ስል እጄን ያዘኝ።

«ተዪው፤ አከራይዋ ያዩታል።»

ያኔ ለግቢው ሁሉ ቆጣሪው አንድ ነበር። ከመሸ በኋላ አከራይዋ በረንዳቸው ላይ ቆመው «አሁንም አልጠፋም? ቆጣሪው የናንተ ብቻ ነው እንዴ!» ይሉ ነበር። አባቴ እንዳጠና ብሎ ጋቢውን ከላዩ አውልቆ መስኮቱ ላይ ይሰቅልልኛል። እሱ ብርድ እየመታው ይቀመጣል።

ቤቷን አውቋታል ማለት ነው። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

«አወቅካት አይደል፣ አባዬ?»

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «እህቴ፣ ቀስ በይ እንጂ። ልጄ ውስጥ እያጠናች ነው፤ ፈተና አለባት።»

ጣቴን በመሐረቡ ሥር በመስኮቷ አስገባሁ። አምፖሉ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። መሐረቡን ሳላነሳ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መሽቷል፤ ጫማው በሩ ሥር እንዳለ ነው፤ እንሂድ አላለኝም።

«ጎበዝ ናት?» አልኩት በሹክሹክታ።

«በጣም» አለኝ፣ ዓይኑን ከመስኮቷ ሳያነሳ።