በካሳዬ ስም የተከተበች ውሻ

ዘርፌ ከእኔ ቤት በላይ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ሳሊተ ምሕረት ጋ ፀጉር ትሠራለች። የባሏ የካሳዬ ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰማ ቡቺ፣ ትንሿ ውሻዋ፣ አልጋ ሥር ትገባለች። ዘርፌ ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማ ሬዲዮ ትከፍታለች። ሬዲዮው ሲጮኽ እኔ በሬን እቆልፋለሁ። ምን ላድርግ።

ጥቅምት ላይ ክንዷ ጠቁሮ መጣች።

«እህትሽ ጋ ሂጂ» አልኳት።

«ቡቺስ፣ እትዬ? የእህቴ አከራይ ውሻ አታስገባም። እሱ ደግሞ ‹ከቤት ከወጣሽ በበረንዳ ነው የምወረውራት› ብሎኛል። ድመቴን ምን እንዳደረጋት ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ሳምራዊት የምትባል ፖሊስ በደንብ አዳመጠችን። «አንቺን ስለመታሽ እንከሰዋለን። ውሻዋን አትንካ ለማለት ግን ከባድ ነው፤ በሕግ ንብረት ናት። ለመሆኑ የማን ናት?»

«የኔ!» አለች ዘርፌ፤ የክትባት ካርዱንም ሰጠቻት።

ሳምራዊት አየችው። «እዚህ ላይ ባለቤት ካሳዬ ይላል።»

ዘርፌ ዞራ አየችኝ። ከታቢዎቹ ግቢያችን የመጡ ቀን እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች ቡቺን ያስከተብኳት እኔ ነበርኩ። መዝጋቢው «የባለቤት ስም?» ሲለኝ የአባወራውን ሰጠሁት። መብራቱም፣ ውሃውም፣ እድሩም በአባወራ ስም አይደል? ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ። ዘርፌ ካርዱን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ጠዋት ቡቺን በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ቤት እስካገኝ ብቻ፣ እትዬ» ብላ ወደ እህቷ ሄደች። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ዛሬ ከሰዓት ኮቴው መጣ። ወደ ላይ አልወጣም፤ እኔ በር ላይ ቆመ። ቡቺ እኔ አልጋ ሥር ገባች።

«እትዬ አስካለ» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ውሻዬ እርስዎ ጋ ናት አይደል?»

ስልኬን አነሳሁ።

«በስሜ ያስመዘገቧት ራስዎ ነዎት። ይክፈቱልኝ እንጂ፤ ንብረቴን ነው የምወስደው።»

ለሳምራዊት ደወልኩ፤ አይነሳም። እጀታው ወደ ታች ወረደ። ቡቺ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅዋ እንዳይሰማ ሬዲዮውን ከፈትኩ፤ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት።

ፊት ለፊት ያለው ቤት ሲቆለፍ ሰማሁ። ቀጥሎም ከታች ያለው።