«አለች» የተባልኩባቸው ዓመታት

እናቴ በግብር የማትቀልድ ሴት ናት። ቴፒ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን የመሬት ግብር የሚከፈለው ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ ከተሸጠ በኋላ፣ በጥር ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ከጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ስም ይጠራል፤ የተጠራው «አለሁ» ብሎ ይነሳል፣ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ይቀበላል። እናቴ ለዚያ ቀን ነጠላዋን አጥባ፣ ጫማዋን ወልውላ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። አባቴ ሳይሞት ከቡናው ግማሹን፣ አብሬው የተከልኩትን፣ በእኔ ስም አስመዝግቦ ስለነበር የእኔም ስም ይጠራል።

እኔ ግን ኖርዌይ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስሜ በተጠራ ቁጥር እናቴ ብድግ ትልና «አለች!» ትላለች። ጎረቤቶች «የት አለች?» እያሉ ያሾፉባታል። «ግብሯ እዚህ እያለ እሷ የት ትሄዳለች?» ትላቸዋለች። ጸሐፊው ይስቅና ደረሰኙ ላይ ከስሜ ቀጥሎ «በእናቷ በኩል» ብሎ ይጽፋል። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ፤ እኔም በእሷ እኮራ ነበር።

ነገሩን ያበላሸሁት እኔው ነኝ፣ ያውም በታማኝነት። ኖርዌይ ውስጥ የግብር ቅጹ ተሞልቶ ይመጣልሃል፤ ማንም ስምህን አይጠራም፣ ማንም ፊትህን አያይም። ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ሁሉን ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ሰው ቤት ሲቀይር እንኳ ወዲያው ማስታወቅ አለበት። እኔም ሠለጠንኩና ለቀበሌያችን በገዛ እጄ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «ግብር ከፋይነቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ነዋሪነቴ ወደ ውጭ አገር መዛወሩን አሳውቃለሁ» ብዬ። አድራሻዬን ከነፖስታ ቁጥሩ አሰፈርኩ። አማርኛዬም አላረጀም ብዬ ትንሽ ተደስቼ ነበር።

ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት እናቴ ደወለች። «ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ፣ ሰላምታም ሳትሰጠኝ። በድሮው ጸሐፊ ቦታ የተተካው አዲስ ጸሐፊ ደብዳቤውን አንብቦ መዝገቡ ላይ ከስሜ ጎን «የለችም» ብሎ ጽፎበታል። በቀበሌያችን «የለችም» የተባለች ሰው መሬቷ ለሌላ ይሰጣል። አባቴ ጉድጓድ ሲቆፍር እኔ ችግኝ ያቀበልኩበት መሬት በአንድ ቃል ሊሄድ ነበር። በራሴ ተናደድኩ። ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ ለጥር አገሬ ገባሁ።

በግብሩ ቀን ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። ጸሐፊው የእናቴን ስም ጠራና የእኔን ዘሎ ወደሚቀጥለው አለፈ።

እናቴ ተነስታ ቆመች። «አንድ ስም ዘለልክ፣ ልጄ።»

«እሷ የለችም፣ እማማ። ራሷ ጽፋልናለች።»

እናቴ ከመቀነቷ በሲባጎ የታሰሩ ዘጠኝ ደረሰኞች ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማንበብ አትችልም፤ ግን አንድም አልጎደለም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «መሸሽ የፈለገ ሰው አድራሻውን ለግብር ሰብሳቢ ይልካል እንዴ?» አልኩት። ሰው ሳቀ። ጸሐፊው ግን ሳይስቅ ከጎኑ ወደተቀመጡት የመሬት ኮሚቴው ሽማግሌ ዞረ። ሽማግሌው የሸኮ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ቆጠብ አድርገው ነው የሚናገሩት።

«መሬቱ ጦም አድሯል?» ብለው እናቴን ጠየቋት።

«አንድም ዓመት አላደረም።»

«ግብሩስ?»

እናቴ በጣቷ ወደ ደረሰኞቹ አመለከተች። ሽማግሌው አንድ በአንድ ገልጠው ካዩ በኋላ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «እንግዲህ ጥራት» አሉት።

ጸሐፊው «የለችም» የሚለውን ሰረዘና ስሜን ጠራ። ከኦስሎ ጀምሮ በልቤ ስለው የመጣሁትን አንድ ቃል ልናገር አፌን ስከፍት፣ እናቴ «አለች!» ብላ ቀደመችኝ። በረንዳው በሳቅ ሞላ። እሷም ደንግጣ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«አለሁ» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

ከፍዬ ደረሰኙን ተቀበልኩ። እናቴ አንገቷን አስግጋ «ምን ይላል?» አለችኝ። ስሜንና የመሬቱን ስፋት አነበብኩላት።

«በቃ?» አለች።

«በቃ።»

«ጎሽ፣ አሁን በራስሽ ሆነ» አለችና ደረሰኞቿን በሲባጎው መልሳ ማሰር ጀመረች። ደስ ብሏታል፤ ግን እጇ ቀስ ብሎ ነበር የሚያስረው። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

«ምነው፣ ስህተት አለው?» አለኝ ጸሐፊው።

«ጎድሎታል» አልኩት። «‹በእናቷ በኩል› የሚለው ሳይጻፍበት አልወስድም።»