ጠበልም ቢሆን

የልጄን ቀኝ ጆሮ ያጠፋው አማቴ ነው። ይህን ቃል ለብዙ ዓመታት እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። እንዲህ የጠራልኝ ስለደገምሁት ይሁን እውነት ስለሆነ፣ ዛሬ ለይቼ ለመናገር አልደፍርም። ሌላው ነገር ሁሉ ደፍርሷል። የሐኪሙ መልክ ጠፍቶኛል፤ የክፍሉ ቀለም ነጭ ይሁን ሰማያዊ አላስታውስም። የማልረሳው ጥጡን ነው፦ በቫዝሊን የተለወሰ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ በየማለዳው በልጄ ጆሮ የምወትፈው ጥጥ።

ዘመኑ በጠላት ወረራ ጊዜ የተወለድን ልጆች በተራችን አባት መሆን የጀመርንበት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ወደ ጎንደር በአስተማሪነት ተመልሻለሁ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጃችን ጆሮዋ መግል ከማፍሰስ አልቦዝን ብሎ፣ ከኋላዋ ሲጠሯት የማትዞር ሆና ነበር። በሆስፒታሉ የሚሠራ አንድ የውጭ አገር ሐኪም በማደንዘዣ አስተኝቶ የጆሮዋን ታምቡር በሳና በየጆሮዋ ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ቱቦ አኖረላት። የታቆረው ፈሳሽ በእርሷ እንደሚወጣ፣ ጊዜዋ ሲደርስ ራሷ እንደምትወድቅ፣ እስከዚያ ግን ውኃ ወደ ጆሮዋ ጨርሶ መግባት እንደሌለበት በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር የጨመረ ይመስለኛል። እርሱን ቆይቼ እናገራለሁ።

ነሐሴ ነበርና በሳምንቱ ገደማ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ልጄ መጫወቻዋን ጥላ ቀና አለች። ጣቷን ወደ ጣሪያው ዘርግታ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳም ጣሪያውን አየች። ከተወለደች ጀምሮ ዝናብ ሲዘንብ ኖሯል፤ የሰማችው ግን ያን ዕለት ነው። ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምሁ፤ ዝናቡ ሸሚዜን እስኪያበሰብሰው መግባት አላሰኘኝም።

አማቴ የዜማ መምህር ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ይመጡ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት «የኔታ፣ ሐኪሙ ውኃ እንዳይነካት ብሏል» አልኋቸው።

«ውኃ ምን ቆርጦት! ይቺን ልጅ ከቅቤ በቀር ምን ነክቷት ያውቃል? ጠረኗ ከሩቅ የሠርግ ቤት ይመስላል» ብለው ሳቁ።

መቀለዳቸው እንጂ ትእዛዙንስ ከሁላችን ይልቅ የጠበቁት እርሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ባለቤቴ የልጅቱን ፊት ልታጥብ ጣሳ ብታነሣ፣ «ምነው አንቺ! ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም?» ብለው በመቋሚያቸው ጣሳውን ሲገፉት አይቻለሁ።

ጳጉሜን ሲገባ ወንድሜ ታመመ ተብሎ ወደ ደምቢያ፣ ቆላ ድባ ወረድሁ። የደምቢያ ጭቃ በቅሎ ይውጣል፤ መሄዱም መመለሱም ፈተና ነበር። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ስመለስ የልጄ ገላ ይፋጃል። ትራሷ በቢጫ መግል ተጨማልቋል፤ ሽታው ከበሩ ይቀበላል። ስጠራት አልዞረችም።

«ምን ነካት?» አልሁ።

«እኔ እንጃ። አባባ ጠበል ሲያመላልሳት ነው የሰነበተ። ደህና ነበረች እኮ።»

«ጠበል?»

«የጳጉሜን ነዋ! አምስቱንም ቀን ወስዷታል። በሩፋኤል ዕለትማ ዝናብም ወርዶላት ነበር።»

የኔታን ከደጀ ሰላሙ አገኘኋቸው። ተማሪዎቻቸው ከበዋቸዋል።

«የኔታ፣ ውኃ እንዳይነካት አላልሁም?»

«ብለሃል።»

«ታዲያ ምነው?»

«ምነው ማለት ምን ማለት ነው? ማን ውኃ አስነካት? ፊቷን እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ነው ያበስናት።»

«ጠበል አስፈስሰውባታል!»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ኋላም ወደ ተማሪዎቻቸው ዞር ብለው፣ «ስሙት እንግዲህ። ይህን ሁሉ ዓመት አዲስ አበባ አስቀምጠው ያስተማሩት ጠበል ውኃ ነው እያሉ ኖሯል» አሉ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ የእኔ ጆሮ ደኅና ነውና።

ሐኪሙ የቀኙ ቱቦ ከመግሉ ጋር ወጥቶ መጥፋቱን፣ ታምቡሩም ክፉኛ መቀደዱን ነገረኝ። ግራው ተረፈ። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ፣ ሳያየኝ፣ «ነግሬህ ነበር» አለ።

እዚህ ላይ ነው ማስታወሴን የምጠራጠረው። ሐኪሙ በአገራችን ብዙ የቆየ ሰው ነበርና በመጀመሪያው ቀን «የቤተ ክርስቲያኑንም ውኃ ጭምር» ያለኝ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከጥፋቱ በኋላ እኔው የፈጠርሁት ነው እላለሁ። ብሎኝ ከሆነ ለምን እንዳልተናገርሁ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ የዋለ ሁሉ ጾም ይሽራል ተብሎ በሚታማበት ዘመን፣ በዜማ መምህር ፊት ጠበል ይቅር ማለት ማተቤን በገዛ እጄ በጥሼ ከመወርወር አይለይም ነበር።

ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላሰብሁም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝሁ። እሑድ የኔታ ከመምጣታቸው በፊት ልጄን ታቅፌ በጓሮ እወጣለሁ። ከሰንበቴ ያተረፉላትን ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጣሉ፤ አንድ እሑድ ግን ሳልወጣ ደረሱና እያዩኝ ፈርፍሬ ለዶሮ በተንሁት። የነጠላቸውን ጫፍ አራግፈው ተቀመጡ። ደስ አለኝ። የበለጠ ግን እፈልግ ነበር። ልጄ በቀኟ ስጠራት ወደ ግራ ዞራ ባዶውን ስትፈልገኝ ባየሁ ቁጥር፣ እርሳቸውም እንዲሁ ዞረው ባዶውን ሲፈልጉ ማየት ተመኘሁ።

ምኞቴ ዓመት አልጠበቀም ብል ማጋነን አይሆንም፤ ለነገሩ ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል። በታኅሣሥ ወር የኔታ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀኝ ጆሮአቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ከአርባ ተማሪ መካከል ድምፁ የሳተውን በጣት የሚያመለክቱ ሰው፣ አሁን የሳተው ሁሉ ያልፋቸዋል፤ ልጆቹም በክርናቸው ይጎሻሸማሉ አሉ።

«ጠበሉ እንኳ ለዚህ አልሆነልኝም፤ ኃጢአቴ በዝቶ ነው። እስቲ ያቺን እንግሊዝኛህን ለዛሬ አውሰኝ» አሉኝ።

ወሰድኋቸው። የኛው ሐኪም ሄዶ ሌላ ተተክቷል። መረመራቸው፤ ታምቡሩ ተበስቷል፣ ቁስሉ ይድናል፣ ጠብታውን ጧትና ማታ ያድርጉ፣ እስኪድን ግን ውኃ እንዳይገባበት አለ። የኔታ አፍ አፌን ያዩኛል።

«ጠብታውን ጧትና ማታ ያድርጉ» አልሁ። «ውኃ እንዳይገባበት።»

«ውኃ ምን ቆርጦት!»

ያው ቃል ነው። ጠበልም ቢሆን ልላቸው ይገባ ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበረ። ዋጥሁት፤ እንዲያ የጣፈጠኝ ነገር ብዙ አላስታውስም። ወደ ቤታቸው እስክንደርስ ክንዳቸውን ደግፌ ሄድሁ፤ እርሳቸውም እስከ በራቸው መረቁኝ።

በጥምቀት ማለዳ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ባለው ባሕረ ጥምቀት፣ የዛፎቹ ሥር ግንቡን ጠፍሮ ከያዘበት ቦታ ቆምሁ። ውኃው ተባርኮ ለሕዝቡ ይረጭ ጀመር። የኔታ ወደ ጠርዙ ቀረቡ። ከጆሮአቸው ጥጡን በሁለት ጣታቸው በጥንቃቄ አወጡና በመሐረባቸው ቋጠሩት፤ ሐኪም የሰጣቸው ጥጥ እንዳይረጥብ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀኝ ጆሮአቸውን ወደ ሰማይ አዘነበሉ። ከእኔ እስከ እርሳቸው ሃያ ርምጃ አይሞላም። ብጮህ ይሰሙኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ይሰሙ ነበር። አልጮኽሁም።

በሁዳዴ በቅኔ ማኅሌቱ ሌላ መሪ በእርሳቸው ፈንታ መቋሚያውን ያዘ። የኔታ ግድግዳውን ተደግፈው ከሚያዳምጡት ጋር ተቀመጡ።

ባለቤቴ ይህን ታሪክ አትቀበለውም። «አንተ እኮ ጠበልም ቢሆን ብለኸዋል። እቤት መጥታችሁ እኔ ፊት ነው የነገርኸው። እምቢ ያለው እሱ ነው» ትለኛለች። እንዲህ የምትለው ከኃጢአቴ ልታወጣኝ ይመስለኛል። አልፈልግም። በቀሌን ከእጄ የሚወስድ ምስክር አልፈልግም፤ ባላደርገውም እንኳ ለማድረግ የበቃሁ ሰው ነበርሁ።

ከዚያ ሁዳዴ ወዲያ ባለቤቴ ልጅቱን ከአያቷ በመከልከሌ ገሠጸችኝ፤ የኔታም ፊደል ያስቆጥሯት ጀመር። ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንዳቸው የግድ በሌላው ደንቆሮ ጎን ይውላሉና ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። እርሳቸው ይጮኻሉ፣ እርሷም ትጮኻለች፤ «ሀ!» ሲባል የጎረቤት ውሻ ይነሣል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከደጅ ቆሜ አየኋቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ለዚህ ነበር የደከምሁት። ልጄ ግን አያቷ አልሰማ ሲሏት አገጫቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ደኅናው ጆሮአቸው ታዞር ነበር፤ እንዴት እንደሚዞር ከማንም ይልቅ ታውቃለች።

የኔታ አዩኝና ልጅቱን ወደ እናቷ ላኳት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለራሴ አይደለም፤ የእኔስ ይሁን። ያን ጊዜ ለዚች ልጅ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መሰላቸው፤ ጓሮ ድረስ ይሰማ ነበር፤ «ሐኪሙ ጠበልም ቢሆን ብሎህ ነበር?»

ብሎኛል ብል፣ ሰምቼ ያልነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። አላለም ብል፣ ልጄን ያደነቆሯት ሳያውቁ ነው፤ ነጻ ይወጣሉ። ደኅናውን ጆሮአቸውን ወደ እኔ አዙረው ጠበቁ።

«አላለም» አልሁ፤ ጥያቄው እንዳይደገምብኝ ጮኽ ብዬ።

«እንዲያ ከሆነስ ሸጋ» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። መቋሚያቸውን ፈልገው ተነሡ፤ ሲያልፉም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

ያን የመለስሁት ለእርሳቸው አዝኜ አይደለም።